የሰንበቴ ዳቦና የጎረቤት ድርሻ

ሰንበቴ ማለት ማኅበርተኞች ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተሰብስበው፥ ተረኛው ከቤቱ ያመጣውን ዳቦና ጠላ ካህኑ ከባረከው በኋላ በአንድነት የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ከዚያው ጸበል ጸዲቅ በደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ይቆረሳል። በጭሮም ሆነ በበዴሳ፥ በገለምሶም ሆነ በሂርና ያለ ምእመን ይህን ልማድ ያውቀዋል።

ነገር ግን ከደጀ ሰላም የሚመጣው ችግረኛ ይሉኝታን ያሸነፈው ብቻ ነው። አምና በተራዋ ዳቦ ትደፋ የነበረች መበለት ዘንድሮ ዱቄት ቢቸግራት ከማኅበሩ ትቀራለች፤ ሰውም ሰነፈች ይላታል እንጂ ቸገራት አይልም። በተለይም በጭሮ ይህ ይብሳል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ጨርጨርን ሲገዙ አሰበ ተፈሪ ብለው ያቋቋሟት ይህች ከተማ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው የሚኖርባት ስለ ሆነች፥ ብዙው ሰው ዘመዱ ሩቅ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች መበለቶች በዕለቱ የምግብ እደላ በመዘንጋታቸው ጉርምርምታ ተነሥቶ ሰባት ሰዎች ለዚሁ ሥራ ተሾመዋል። እንዲሁም እያንዳንዱ ሰንበቴ ከማን ጓሮ ጢስ እንደ ጠፋ የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት እናቶችን ቢመርጥ መልካም ነው። እኔ የችሎት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ መዝገብ እወዳለሁ፤ በዚህ ነገር ግን የሚመዘገበው የሰጪው ተራ ይሁን እንጂ የተቀባዩ ስም አይሁን። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን በጎዳ ጊዜ የእርዳታ እህል መጥቶ ነበር፤ የእርዳታ እህል ግን በስም ዝርዝር የሚታደል ነው። ዝርዝሩ ተጽፎ እስኪያልቅ ያለውን ሰሞን የሚያሻግር የጎረቤት ሌማት ነው።

በአገራችን አብዛኛው ጎረቤት እስላም መሆኑም አይዘንጋ። አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ ጠላም አይላክም። ጸበል ጸዲቅ ተብሎ የተባረከውንም ለመቀበል የሚያመነታ ይኖራልና፥ ከመባረኩ አስቀድሞ አንድ ዳቦ ለብቻው ማስቀረት ወይም የማሽላ ዱቄት መስጠት ይሻላል። በረመዳን ወራት የሆነ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለማፍጠሪያው ይድረስ እንጂ በቀትር አይላክ።

ለቤት እመቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ምግቡን በሳሕን ወይም በሌማት አትላኩ። ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ስለ ሆነ፥ ተቀባይዋ የሌላትን ፈልጋ ልትሞላው ትጨነቃለች። በማይመለስ ወረቀት ወይም በቅጠል ጠቅልላችሁ፥ ልጅ ሳይሆን ዐዋቂ ሰው፥ ሲመሽ ያድርስላችሁ።