መሥዋዕት በፈቃድ እንጂ በትእዛዝ አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

«መሥዋዕትነት» የሚለው ቃል በየስብሰባው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተሰቡ አዘውትሮ ይነገራል። ቃሉ የከበረ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁና ስለዚሁ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

በክርስትና እምነት መሥዋዕት የፍቅር መግለጫ የሚሆነው በፈቃድ ሲቀርብ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደምናነበው ጌታችን ነፍሱን አሳልፎ የሚሰጠው ማንም አስገድዶት ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ መሆኑን አስታውቋል። ስቅለቱን የፍቅር ሥራ ያደረገው ይኸው ፈቃዱ ነው። ከባለቤቱ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነገር ቢሻል ግብር፣ ቢከፋ ቅሚያ ይባላል እንጂ መሥዋዕት አይባልም።

ለዚህ አንድ ምስክር ልጥቀስ። እኛ ከፋሺስት ወረራ ነጻ በወጣንበት በ1933 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ጀርመኖች በያዙት በፖላንድ ምድር አውሽቪትዝ በሚባለው እስር ቤት አንድ እስረኛ አመለጠ ተባለ። ስለዚህም ዐሥር ሰዎች በረኀብ እንዲሞቱ ተመረጡ። ከተመረጡት አንዱ ፍራንቺሼክ ጋዮቭኒቼክ የተባለ የፖላንድ ወታደር ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ጮኾ አለቀሰ። በዚህ ጊዜ ከእስረኞቹ መካከል አባ ማክሲሚሊያን ኮልቤ የተባሉ የካቶሊክ መነኩሴ ከሰልፉ ወጥተው በሰውዬው ፈንታ ለመሞት ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ሁለት ሳምንት ያህል በረኀብ ከቆዩ በኋላ ነሐሴ 8 ቀን 1933 ዓ.ም. በመርዝ መርፌ ተገደሉ። ጋዮቭኒቼክ ግን ከጦርነቱ ተርፎ፣ በ1975 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው አባ ማክሲሚሊያንን ቅዱስ ብላ ስትሰይም በሥፍራው ተገኝቷል። የሞተው በ1987 ዓ.ም. ነው። በሌላው ሰው ፈቃድ ከኀምሳ ዓመት በላይ ኖረ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ አባ ማክሲሚሊያን አጠገባቸው የቆመውን «አንተ ውጣ» አላሉም፤ ራሳቸው ወጡ። ሁለተኛ፣ ያለቀሰውን ሰው «ፈሪ ነህ» ብለው አልገሠጹትም፤ ልቅሶውን ሰምተው ሸክሙን ተቀበሉት። ፍቅር ከራሱ ይጠይቃል እንጂ ከደካማው አይጠይቅም።

በእኛ ኑሮስ እንዴት ነው? በአንድ መሥሪያ ቤት የማውቀውን ልናገር። አንዲት የሥራ ባልደረባችን በጠና ታማ ሳለ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከደመወዙ እኩል እንዲቆረጥበት በሰርኩላር ታዘዘ። ደብዳቤው ስለ መሥዋዕትነት ብዙ ይላል። ገንዘቡ መድኃኒት ተገዝቶበታልና አልነቅፈውም። ነገር ግን ደብዳቤውን የፈረሙት ሰው በሽተኛዋን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቋት፣ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ ማንም ሳያዛቸው ከሥራ በኋላ አጥሚት እየሠሩ ይመላለሱላት ነበር። የትኛው መሥዋዕት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በየሰፈሩም ታላቂቱ ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። የምትልከው ገንዘብ ለታናናሾቿ ትምህርትና ለቤቱ ጣሪያ ይውላል። ዘመዱ ሁሉ «ስለ ቤተሰቧ ራሷን ሠዋች» ይላል። በርግጥ ቤተሰቧን ወዳ፣ ራሷ ቈርጣ የሄደች ብዙ አለች፤ ክብር ይገባታል። ነገር ግን ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተላከችውን፣ «በቃኝ፣ ልመለስ» ስትል «ትንሽ ታገሺ» የምትባለውን ልጅ «ሠዋች» ማለት ትክክል አይደለም። «ተሠዋች» ቢባል ይሻላል።

ምናልባት «ሁሉም ፈቃዱ እስኪሆን ከተጠበቀ ማን ይሰጣል?» የሚለኝ ይኖራል። ግብርና መዋጮ ለአገርም ለመሥሪያ ቤትም ያስፈልጋሉ፤ በደንቡ መሠረት እንደ አቅሙ ይሰብሰቡ። ስማቸው ግን ግዴታ ይባል። ሁለቱን ስናቀላቅል ግዴታውም ይጠላል፣ መሥዋዕቱም ክብሩን ያጣል።

ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው ይህን ነው። ከሌላው መሥዋዕትነት የሚጠይቅ አለቃ በመጀመሪያ እርሱ ምን እንደሰጠ ይናገር። ልጅ ወደ ሰው አገር የሚልክ ቤተሰብም አስቀድሞ ፈቃዷን ይጠይቅ፤ «በቃኝ» ባለች ጊዜም ለጣሪያው የተቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ የመመለሻ ትኬት ይግዛላት። ያን ጊዜ ቤተሰቡም በተራው በፈቃዱ አንድ ነገር ሰጠ ይባላል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ