ነፃው እያለ ክራኩን ለምን?

ወር ሲያልቅ የአንድ ትንሽ ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ ሥራ በሙሉ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የተጫነው እዚያ ነው። የደመወዝ ሰንጠረዡ፣ የቫት ማስታወቂያው፣ የደንበኞች ዕዳ ዝርዝር ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። በሌሎች አገሮች ብዙ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በየወሩ እየከፈሉ በኢንተርኔት ወደሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች አዛውረዋል። እኛ ጋ ግን ለዚህ የሚሆን ዶላርም፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትም ስለሌለ አብዛኛው ሂሳብ ዛሬም ጠረጴዛ ሥር ባለችው ሳጥን ውስጥ ነው። ታዲያ ሠራተኛዋ ልጇ ታሞባት ቤት ብትውል፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ወይም እንደ ብዙዎቹ ሂሳብ ሠራተኞች ሁለት ሦስት ድርጅት ደርባ የምትሠራ ብትሆን፣ ያለችበት ሆና ያንን ኮምፒውተር መክፈት አለባት። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሠራሩም ለእኛ ሁኔታ የተስማማ ነው። ፋይሉ ከቢሮ አይወጣም፤ በኢንተርኔት የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ነው፣ የሚሄደው ደግሞ የማውሱና የኪቦርዱ ትእዛዝ። የፒችትሪን ዳታ በቪፒኤን አድርጎ ከቤት ላፕቶፕ በቀጥታ ለመክፈት የሚሞክሩ አሉ። እጅግ ይጎተታል፣ መስመሩ መሀል ላይ ከተቋረጠም ዳታው ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ፕሮግራሙ ቢሮ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። መልሳችሁ ስትገቡ ያቋረጣችሁት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «ርካሹ የቱ ነው?» ተብዬ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ብዙዎች መልሱን የሚያገኙበት መንገድ ነው። ቴሌግራም ላይ ይፈልጋሉ፣ «ፉል ቨርዥን ከነክራኩ» የሚል ፋይል ያወርዳሉ፣ አንቲቫይረሱ ሲጮህ ደግሞ አጥፍተውት ይጭናሉ። ከዚያ ያ ፋይል የድርጅቱን ደመወዝና የባንክ ሂሳብ በያዘው ኮምፒውተር ላይ ሌት ተቀን ይሠራል።

ይህን ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ክራክ የተደረገ የፎቶ ማሳመሪያ መጫን መጥፎ ነው፤ ክራክ የተደረገ ሪሞት ዴስክቶፕ መጫን ግን ከዚያ እጅግ የባሰ ነው። ይህ ፕሮግራም የተሠራበት ዓላማ ራሱ ከሩቅ ያለ ሰው ኮምፒውተራችሁን እንደ ባለቤቱ እንዲያዝበት ማስቻል ነው። ስክሪኑን ያያል፣ የሚጻፈውን ይቀበላል፣ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ያስገባል። ክራክ ሲደረግ ይህን ሥልጣን የያዘውን ፕሮግራም ኮድ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ከፍቶ አንድ ነገር ለውጦበታል። የለወጠው የፈቃድ መጠየቂያውን ብቻ ይሁን ሌላም ነገር፣ የጫነው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የቤቱን ቁልፍ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሰጥቶ አስቀርፅልኝ ብሎ የሚልክ ሰው የለም። በቢሯችን ኮምፒውተር ግን ይህንኑ እናደርጋለን።

ሁለተኛው የተለመደ መንገድ «ለግል አገልግሎት ነፃ» የተባለውን ለድርጅት ሥራ ማዋል ነው። እዚህ ላይ እንደ ቲምቪወርና ኤኒዴስክ የታወቀ የለም። ሁለቱም የጀርመን ናቸው፤ ቲምቪወር እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ ሲሆን፣ ኤኒዴስክ ደግሞ በ2014 ሽቱትጋርት ከተማ ተመሠረተ። ሥራቸው ጥሩ ነው። በተለይ ኤኒዴስክ በደካማ መስመር ላይ ጭምር ቶሎ ስለሚመልስ «ኤኒዴስክህን ክፈትና ቁጥሩን ላክልኝ» የአይቲ ባለሙያዎቻችን የዘወትር ንግግር ሆኗል። ነገር ግን ሁለቱም ነፃ ያደረጉት ለግል አገልግሎት ነው፤ ለንግድ ሥራ ፈቃድ ይሸጣሉ። ቲምቪወር የንግድ አጠቃቀም የጠረጠረ እንደሆነ ግንኙነቱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆርጠዋል። የኩባንያዎቹ መብት ነው፤ እንጀራቸው እሱ ነው። የወር መጨረሻ ሪፖርቱን በዚህ ላይ የሚያንጠለጥል ድርጅት ግን መቼ እንደሚቆረጥበት በማያውቀው መስመር ላይ እየሠራ መሆኑን ይወቅ።

«ታዲያ ከፍለን እንጠቀም» ለሚል መልሴ፦ ከቻላችሁ አዎ። ግን ወጪውን በደንብ ቁጠሩት። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመቱ በአንዴ ነው፣ የሚጠየቀውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዓመት ክፍያው 200 ዶላር ነው እንበል። በፊት 11,600 ብር ገደማ የነበረው ወጪ ከ20,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን አልተለወጠም። በዚያ ላይ በኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ትንሽ ቢሮ ብዙ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልለታል። ዘመዱ ካርድ የቀየረ ወይም የተኮራረፉ ዕለት የቢሮው ሥራ ይቆማል። ለእኔ ርካሽ ማለት በሚቀጥለው ዓመትም ማንንም ሳለምን ልጠቀምበት የምችለው ነው።

እንዲህ ያለ ደግሞ አለ፤ ያውም ከአንድ በላይ።

ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ኮምፒውተር፣ የምመክረው የጉግልን ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ጉግል ክፍያ አይጠይቅበትም። ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ተጭኖ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው ፒን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከቤት ላፕቶፕም ሆነ ከስልክ በጉግል አካውንት መግባት ነው። ራውተር ላይ ምንም መነካካት አያስፈልግም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ቢሮ ብዙውን ጊዜ የራሱ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሌለው ከውጭ በቀጥታ ሊደርሱበት አይችሉም። ክሮም ይህን በራሱ ይወጣዋል። የሚጎድለውም አለ፦ ፋይል ማመላለሻው ደካማ ነው፣ ኮምፒውተሮች ሲበዙም ማስተዳደሩ ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጉግል አካውንቱን የያዘ ሰው ፒኑን ካወቀ ኮምፒውተሩንም ያዘ ማለት ነው። አካውንቱ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሳታደርጉ አትጀምሩት።

ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው ሪሞት ዴስክቶፕ ከሁሉም ፈጣን ነው፤ ግን ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር የዊንዶውስ ፕሮ እትም ሊሆን ይገባል፤ የሆም እትም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይችላል እንጂ ሌላውን አያስገባም። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ከሩቅ ሲገባ ቢሮ ያለው ስክሪን ይቆለፋል። አንዳንዱ ይህን እንደ ችግር ያየዋል። እኔ ግን ለሂሳብ ሥራ ትልቅ ጥቅም አድርጌ ነው የማየው። እንደ ኤኒዴስክ ባሉት ግን በልዩ ቅንብር ካልተሰወረ በቀር ሠራተኛዋ ቤቷ ሆና የደመወዝ ሰንጠረዡን ስትከፍት ቢሮ ያለው ስክሪንም ያንኑ ያሳያል፤ ባለጉዳዩም፣ አላፊ አግዳሚውም የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ ቆሞ ሊያነብ ይችላል።

ነገር ግን ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው አንድ ስህተት እንዳይሠራ እለምናለሁ። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት ከፍቶ መተው አደጋ ነው። ይህን በር ቀን ከሌት የሚፈልጉና የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ማሽኖች በመላው ዓለም አሉ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ወደ ድርጅቶች ከሚገቡባቸው ዋና ዋና መንገዶችም አንዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመለት ብዙ ዓመት ለሆነው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቷል፤ አደጋው ያን ያህል ከባድ ነበር። ዋየርጋርድን የመሰለ ነፃ ቪፒኤን ፊት ለፊቱ አቁማችሁ፣ በዚያ ውስጥ ብቻ እንዲገባ አድርጉ። ይህን የሚያደርግላችሁ ባለሙያ ከሌለ ደግሞ ወደ ክሮሙ ተመለሱ።

አምስት፣ አሥር ኮምፒውተር ላለው ቢሮ፣ እንዲሁም በየደንበኛው እየገባ ለሚጠግን የአይቲ ባለሙያ ልቤ ያረፈው ራስትዴስክ ላይ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ለድርጅትም ቢሆን ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። አጠቃቀሙ ኤኒዴስክን ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ያው ቁጥርና የይለፍ ቃል ነው። ትልቁ ነገር ግን ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን ሰርቨር ራሳችሁ ማቆም መቻላችሁ ነው። ቢሮው የማይለዋወጥ የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ (ስታቲክ አይፒ) ካለው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ሊነክስ ጭኖ እዚያው ማቆም ይቻላል። ያኔ የድርጅቱ መስመር በማንም የውጭ ኩባንያ ሰርቨር አያልፍም፣ የዓመት ዕድሳትም የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ለመገናኘት አውሮፓ ባለ ሰርቨር ዞረው መምጣታቸውም ይቀራል፤ ልዩነቱን ማውሱ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ድካሙ ማቋቋሙ ላይ ነው፤ አንድ ሊነክስ የሚያውቅ ልጅ ይፈልጋል። ለዚያ ልጅ የሚከፈለው ደግሞ በብር ነው፣ እዚሁ አገር ይቀራል።

ቪኤንሲ የሚባለው ጥንታዊ የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ቤተሰብም አለ፤ ታይትቪኤንሲን የመሳሰሉት ነፃ ናቸው። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ የይለፍ ቃሉ ከስምንት ፊደል አያልፍም፣ መስመሩም አይመሰጠርም። በቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። ዋሽንግተን ሆኖ አዲስ አበባ ያሉ እናቱን ላፕቶፕ ለሚያስተካክል ልጅ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኩዊክ አሲስት ይበቃል፤ በኮድ ተገብቶ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል፣ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቀር በር የለውም። እግረ መንገዴን፦ ለወላጆቻችሁ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ይህን ፕሮግራም ጫኑ» የሚል ሰው ሁሉ ሌባ እንደሆነ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ዓይነት ማጭበርበር ምክንያት የኤኒዴስክን ስም ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም፤ የሚያስጭነው ሰው ነው።

የታወቀ ኩባንያ መምረጥ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሎግሚኢን የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሚሊዮኖች የለመዱትን ነፃ አገልግሎት ሲያቆም ለተጠቃሚዎቹ የሰጠው የአንድ ሳምንት ጊዜ ብቻ ነበር። በ2024 ደግሞ ኤኒዴስክ በየካቲት፣ ቲምቪወር በሰኔ ሰርጎ ገቦች ወደ ኩባንያዎቹ ሥርዓት እንደገቡ ራሳቸው አስታውቀዋል። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ የይለፍ ቃሉ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት፣ ረጅም ይሁን፤ ፕሮግራሙንም ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱና በየጊዜው አድሱት።

ስለ መብራት ካልተናገርኩ ይህ ጽሑፍ ለእኛ አገር የተጻፈ አይሆንም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከቀረ የትኛውም ፕሮግራም አያድናችሁም። አብዛኛው ዴስክቶፕ ባዮስ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ እሱን አብሩት። ዊንዶውስ ራሱን እንዳያስተኛ አድርጉ። ዩፒኤስ ካላችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንም ሰኩበት። የዳታ ፓኬጅ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የቢሮውን ኮምፒውተር ዎልፔፐር አጥፍታችሁ የምስል ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፤ ለፒችትሪ ቁጥር የሲኒማ ጥራት አያስፈልገውም።

የቀረኝ ነገር ለድርጅት ባለቤቶች ነው። ባለፈው ዓመት የለቀቀው ሂሳብ ሠራተኛ የቢሯችሁን ኮምፒውተር ቁጥርና የይለፍ ቃል ዛሬም በስልኩ ይዞ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባት ወንጀል ነው፤ አዋጁ የሚቀጣው ግን ከገባ በኋላ ነው። የሠራተኞቻችሁንና የደንበኞቻችሁን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ ደግሞ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እናንተው ላይ ተጥሏል። በዚህ ሳምንት የአይቲ ባለሙያችሁን ጥሩና በየኮምፒውተሩ ላይ የትኛው ሪሞት ዴስክቶፕ እንደተጫነ፣ ማን የይለፍ ቃሉን እንደያዘ በወረቀት ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ክራክ የሆነውን ዛሬውኑ አስነቅሉ፤ የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ አስቀይሩ። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ ክሮምን፣ ብዙ ካላችሁ ራስትዴስክን ጫኑ። ለፕሮግራሙ የሚወጣ ገንዘብ የለም።