የዝናቡ ደስታና የጭቃው ባለቤት



ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ብስክሌቶቿንም ያውቃል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም በሁለት ጎማ ይመላለስባታል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ከብዶ ዝናቡ ሲወርድ ብዙው ሰው በረንዳ ሥር ይጠለላል። ወጣቱ ግን ፔዳሉን ይረግጣል። «ይህ ልጅ ምን ነካው?» የሚሉት በረንዳ ሥር የቆሙት ናቸው።

እኛ በዚህ ጉዳይ ከወጣቱ ጋር ነን። አቧራው ይተኛል፣ የአፈሩ ሽታ ይነሣል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ጎማው ውኃውን እየሰነጠቀ ሲሄድ ድምፁ ራሱ ደስ ያሰኛል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ በመጣ ጊዜ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ውኃው ገላቸውን እንዲነካ ማድረጋቸውን አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ሙስሊምም ዘግበውታል።

ደስታው ግን ፍሬንን አያስረሳ! ቸርኬው ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ በእርጋታ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ዝናቡ እንደጀመረ ያሉት ደቂቃዎች በተለይ ያንሸራትታሉ፤ አስፋልቱ ላይ ያለው አቧራና የመኪና ዘይት ገና አልታጠበምና። ውኃ የተኛበት ቦታ ሥሩ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። መብረቅ ከመጣ ጨዋታው አብቅቷል፤ ዛፍ ሥር ሳይሆን ቤት ውስጥ ተጠለሉ።

አሁን ወደሚከነክነን ጉዳይ እንምጣ። ልጁ ቤት ይደርሳል፤ ብስክሌቱን ግድግዳ ያስደግፋል፤ በጭቃ የተለወሰ ሱሪውን ጥግ ላይ ጥሎ ሻይ ይጠይቃል። ሱሪውን የሚያጥበው ማን ነው? እናቱ ወይም እኅቱ! ዝናቡ የእሱ፣ ጭቃው የእነሱ። ይህ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው?

ወንድማችን ሆይ! ሱሪህን ራስህ እጠብ። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ ቢራገፍ እጥበቱ ይቀላል። የቦይ ፍሳሽ ከነካው ግን የሶላት ሰዓት ሳይደርስ ይታጠብ። ጫማህ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ብታሳድረው እርጥበቱን ይመጥለታል (የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት ማለታችን አይደለም)።

ብስክሌቱም ተራውን ይጠብቃል። ጭቃው ሳይደርቅ በባልዲ ውኃና በጨርቅ እጠበው። ሰንሰለቱ እርጥብ ካደረ ይዝጋል፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ቆሻሻው ከበዛ ነጭ ጋዝ የነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስለቅቀዋል፤ ይህን ግን ከምድጃ ርቀህ ደጅ ሥራ። ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ ጠብ አድርግ፤ ትርፉን ጥረግ፤ አለዚያ አሸዋ ይሰበስባል። ዘይቱ ቸርኬውን እንዳይነካ! በማግስቱ ፍሬን አይኖርህም።

ዘይቱ ሲንጠባጠብ ታናሽ ወንድም ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዙር። ለደመወዙም ዝናቡ ሲያባራ አንድ ዙር ይንዳበት።