ራውተር ለመርጡለ ማርያም ነጋዴ፦ አንቴና ቆጥሮ መግዛት አያዋጣም

የመርጡለ ማርያም ነጋዴ ጤፉን ወደ አዲስ አበባ ከመጫኑ በፊት የእህል በረንዳን የዕለት ዋጋ ይጠይቃል። ቀድሞ ነገሩ በስልክ ጥሪ ያልቅ ነበር። ዛሬ የናሙናው ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይላካል፤ ክፍያው በባንክ አፕ ወይም ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ይገባል። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ስልክና አንድ ላፕቶፕ ካለ የባለቤቱ ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ሁሉንም ሲያገለግል መዋል አይችልም። ባትሪው ያልቃል፤ ባለቤቱ ወደ ገበያ ሲወጣም ኢንተርኔቱ አብሮት ይወጣል። ራውተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ስልክ የሚሠራ ነጋዴ ግን ገንዘቡን እህል ቢገዛበት ይሻለዋል።

ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። ገዢው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው አንቴናው በበዛው ላይ ነው። ነገር ግን የሲም መክተቻ የሌለው ራውተር የመዳብ ወይም የፋይበር መስመር የሚጠብቅ ዕቃ ነው፤ መስመሩ ሱቁ ድረስ ካልገባ መደርደሪያ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነትም በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለው ነው እንጂ ከውጭ የሚገባው አይደለም። ከውጭ የሚገባው በተገዛው ጥቅልና በኔትወርኩ ጥንካሬ ልክ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለው ስሕተት ውድ ሆኗል። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ራውተር ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ? ለአነስተኛ ሱቅ የሚበቃው ሲም የሚቀበል ተራ የ4ጂ ራውተር ነው። ቲፒ ሊንክም ሆነ ሁዋዌ ወይም ዜድቲኢ፣ ስሙ ብዙም አያጣላም። የሚያጣላው በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ መሆኑ ነው። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ነጋዴው አማራጭ አግኝቷል፤ የተቆለፈ ዕቃ የገዛ ሰው ይህን አማራጭ በገዛ ገንዘቡ ይዘጋዋል። ከግዢው በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክ ላይ አድርጎ እዚያው ሱቁ ውስጥ መሞከር ምንም አያስወጣም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ስለሚከለክል ራውተሩ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ ይመረጣል።

መብራቱስ? አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት የሚል ከሆነ በዚያው ልክ የሚሠራ ሚኒ ዩፒኤስ ይገጥምለታል። ለተጨማሪ አንቴና የሚወጣው ብር እዚህ ቢውል ትርፍ አለው። የይለፍ ቃሉን በስልክ ገብቶ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደንበኛና ደላላ የእንግዳውን ዋይፋይ ይጠቀሙ፤ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ለብቻው ይሁን።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ራውተር አይፈታም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ነጋዴው አይረሳም። የሞባይል ዳታ ሲጠፋ የሲም ራውተርም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የመስመር ኬብል መሰኪያ ያለው ቢመረጥ ሌላ ቀን መስመር ሲገባ ዕቃው አይጣልም። እስከዚያው የጥሪ ኔትወርክ ካለ ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል፤ ገንዘብ ያዡም ይህን ቁጥር በቃሉ ይያዝ።