ትርፍ አንጀትና ደረሰኝ የማይቆረጥለት ሒሳብ

ትርፍ አንጀት የገበያ ቀን አይመርጥም። ለበዓል ዕቃ አራግፎ ያደረ ነጋዴ እምብርቱ አካባቢ የጀመረው ሕመም ወደ ቀኝ ጎኑ ሲወርድበት፣ መሣሪያው ያለው የግል ሆስፒታል ሁለት ዋጋ ይነግረዋል፤ አንደኛው ሆድን ከፍቶ፣ ሁለተኛው በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ለሚሠራው። ሁለተኛው ይወደዳል። ብዙዎች ታዲያ ርካሹን ይይዛሉ። ዕቃ ሲገዙ ግን እንዲህ አያሰሉም፤ ቀረጡን፣ ማጓጓዣውን፣ ጫኝና አውራጁን ደምረው ነው “ስንት ገባልኝ?” የሚሉት።

ካሜራው አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ዜም በዚህ ዘዴ ትርፍ አንጀት ያወጡት በ1980 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከሙያ ባልደረቦቻቸው የገጠማቸው ምስጋና ሳይሆን ውግዘት ነበር። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ በ2018 እ.ኤ.አ. 85 ጥናቶችን መርምሮ እንዳስታወቀው፣ በአዋቂዎች ላይ የካሜራው ዘዴ የቁስል ማመርቀዝን ይቀንሳል፤ የሆስፒታል ቆይታን በ1 ቀን ገደማ ያሳጥራል፤ ወደ መደበኛ ኑሮ መመለስንም በ5 ቀን ያህል ያፋጥናል። በአንጻሩ ሆድ ውስጥ መግል የመቋጠር ዕድሉ ከፍ ይላል።

ቁም ነገሩ ያ 5 ቀን ነው። ሱቁ ያለ እርሱ የማይከፈት፣ በቀን 3,000 ብር የሚያተርፍ ነጋዴ 15,000 ብር ከዋጋው ልዩነት ላይ ሊቀንስ ይገባዋል። የሕመም ፈቃድ ላለው ደመወዝተኛ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ቀኑን የሚከፍለው አሠሪው ነውና። 5 ቀን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የቀን ሠራተኛውን ነው፤ እርሱ ደግሞ ውድ የተባለውን መክፈል አይችልም።

ሆስፒታሎቹም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። መሣሪያው የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ተመን ከሆነ በኋላ ደግሞ መለዋወጫው ሳይቀር ከብዷል። ወጪው የሚመለሰው በታካሚ ብዛት በመሆኑ፣ ጥቂት ታካሚ ያለው ሆስፒታል ዋጋ ከመቆለል ሌላ መንገድ የለውም። የሐኪሙም እጅ የሚፈታው በብዛት ሲሠራ ነው። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ “በወር ስንት ትሠራላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላም ጥያቄ አለ። በካሜራ የተጀመረው ሥራ ሲያስቸግር ሐኪሙ ሆድ ወደ መክፈት ይሸጋገራል፤ ይህም ጥፋት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ታካሚው ያኔ የሚከፍለው የትኛውን ዋጋ ነው? ውል ሳይፈርም ብር የማያወጣ ነጋዴ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ይህን በጽሑፍ ሊያገኝ ይገባል።

በማስታገሻ እያባበለ ገበያው እስኪያልፍ የሚጠብቀው ግን ከሁለቱም ዋጋ ውጭ ነው። የፈነዳ ትርፍ አንጀት በየትኛውም ዘዴ ቢሠራ አልጋው በየቀኑ ይቆጥራል፤ ሕይወትም ያስከፍላል።