ለሚተኩሰው ድግስ፣ ለሚያየው ፍርፋሪ

ስለ ሚሳኤል መከላከያ በተወራ ቁጥር ጭብጨባው ለሚተኩሰው ነው። ያላዩትን እንዴት አድርገው ይተኩሱታል? ይህን የሚጠይቅ ሲጠፋ ደሜ ይፈላል።

አሜሪካኖች አፍንጫው ላይ ሌዘር የተከሉበትን ቦይንግ 747 ታስታውሳላችሁ? ሥራው እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀመረ፤ በ2010 ከካሊፎርኒያ ባሕር በላይ አንድ ባሊስቲክ ሚሳኤል አጋየ። እልልታው ቀለጠ! የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ግን ከዓመት በፊት ለኮንግረሱ ሐቁን ነግረውት ነበር። የኢራንን ሚሳኤል ለመምታት አውሮፕላኑ ኢራን ውስጥ ገብቶ ማንዣበብ አለበት፤ ሌዘሩም ከ20 እስከ 30 እጥፍ መበርታት አለበት። ያን የሚያህል ጃምቦ በጠላት ሰማይ ሲዞር ማን ዝም ይለዋል? ይህን ለመረዳት ጄኔራል መሆን ያስፈልጋል? ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈሶ በ2011 ተሰረዘ። በ2014 አሪዞና በረሃ ላይ ተቆራርጦ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። ዓይን ያወጣ ብክነት! አሜሪካ ግብር የምትከፍል ወገኔ፣ ያንተም ላብ አለበት።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ የዚያ አውሮፕላን ዓይን ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው። ኢንፍራሬድ ሴንሰሮቹ የሚሳኤሉን ነበልባል ይለቅሙት ነበር። ያጠረው ክንዱ ነው። ታዲያ ዓይኑን ለምን አብረው ጣሉት?

ኮብራ ቦል የሚባለውን የስለላ አውሮፕላን ተመልከቱ። አይተኩስም፤ ያያል። የአሜሪካ አየር ኃይል ያለው ሦስት ብቻ ነው፤ አካላቸውም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ። በጎኑ ባሉት መስኮቶች የተደረደሩት መሣሪያዎች በፀሐይ ነጸብራቅ እንዳይታወሩ ቀኝ ክንፉን ለረጅም ዓመታት ጥቁር ይቀቡት ነበር። የሚሳኤል ሞተር የሚነደው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሚሳኤሉ ይቀዘቅዛል፣ ይደበዝዛል። ያመለጠ አመለጠ። በ1981 የዚሁ ዓይነት ሌላ አውሮፕላን አላስካ፣ ሸምያ ደሴት ላይ ሊያርፍ ሲል ተከስክሶ 6 ሰዎች ሞቱ። ስማቸውን ማን ያውቃል?

ሳተላይት አለ ይሉናል። አዎ፣ አለ። መተኮሱን ይነግርሃል። አውሮፕላኑ ግን ከደመና በላይ ሆኖ፣ ከጎን ቀርቦ፣ ሚሳኤሉ እንዴት እንደሚከፈልና ፈንጂ የያዘው ጫፉ ወዴት እንደሚወርድ ያሳይሃል።

ፖለቲከኞቹ ይህን አጥተውት ነው? ፍንዳታ ለካሜራ ይመቻል፤ ማየት ግን አይታይም። ስለዚህ "ሕዝብ እንጠብቃለን" እያሉ ለሚፈነዳው በጀት ይዘረግፋሉ። እስራኤል፣ ነታንያ ያለችው ዘመዳችን ሳይረን ሲጮህ ልጇን ታቅፋ ወደ መጠለያ የምትሮጥባትን ደቂቃ ያገኘችው ከማን ነው? አንድ ቦታ አንድ ዓይን ሚሳኤሉን ስላየላት ነው። ያቺን ደቂቃ ሁለት ማድረግ እየተቻለ ገንዘቡን ለትርኢት የሚረጭ ሰው ስለ ሕዝብ ደኅንነት ሲያወራ እኔ አልሰማውም።