የጥርስ ተራና የክትባት ተራ

በአገራችን ሕፃን ባለበት ቤት ሁሉ የምትሰማ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» የምትል። ሕፃኑ ቢያለቅስ፣ ሰውነቱ ቢተኩስ፣ ቢያስቀምጠው ወይም እንቅልፍ ቢያጣ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እኛም ከዚህ ነጻ አልነበርንም። የመጀመሪያ ልጃችን የ14 ሳምንት ክትባት በደረሰበት ሰሞን ለሀጩ መዝረብረብ ጀመረ፤ ቀን እያንቀላፋ ሌሊት ይነቃ ነበር። «ጥርሱ ይውጣለትና እንወስደዋለን» ብለን ቀጠሮውን አሳለፍነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ያለችው ግን ከአራት ወር በኋላ ነው። በቤተ ሙከራ ያልለኩትን ነገር እንደ ምክንያት እንዳይጽፉ ተማሪዎቻችንን የምንቆጣ ሰዎች፣ በገዛ ቤታችን ያልተለካ ምክንያት ተቀብለን ልጃችንን ለትክትክ አጋልጠነው ቆየን።

ይህን ያስታወሰን በደቡብ ኦሞ የተፈጸመ አንድ ታላቅ ለውጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዛባቱ ጉዳት የሌለውን የጥርስ ተራ አጥብቀን እንፈራለን፣ መዛባቱ ሕይወት የሚያስከፍለውን የክትባት ተራ ግን አቅልለን እናያለን።

በድድ ላይ የተነበበ ፍርድ

ከአዲስ አበባ በመኪና 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጂንካ የሚደርስ ሰው፣ ከዚያ ወደ ኦሞ ወንዝ ሲወርድ የበናን፣ የሐመርንና የካራን ሕዝቦች ያገኛል። በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ይባል ነበር። ሚንጊ የሆነ ልጅ በሕይወት ቢቆይ ድርቅ፣ ረሀብና በሽታ በሕዝቡ ላይ ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕፃኑ እንዲሞት ይደረግ ነበር። ከካራ ሕዝብ የወጣው ላሌ ላቡኮ ሁለት ታላላቅ እኅቶቹ በዚሁ ፍርድ እንደ ሞቱ በወጣትነቱ ከእናቱ ሰማ። ከዚያም ኦሞ ቻይልድ በተባለው ድርጅት አማካይነት እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከሞት ተርፈው በጂንካ እንዲያድጉ አደረገ፤ ከሽማግሌዎችም ጋር ለዓመታት ተነጋገረ። በመጨረሻም በ2004 ዓ.ም. ክረምት የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ።

ይህን የሰማ የደጋ ሰው ለፍርድ ይቸኩል ይሆናል። ይሁን እንጂ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ለዘመናት ግግ ማስቧጠጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ሲፈጸም ኖሯል። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ በስለት ተፍቆ ደም ፈስሶታል፤ ቁስሉ ያመረቀዘበትና በዚያው የቀረም አለ። ከድዱ ሥር ያለው የቋሚ ጥርስ እንቡጥ የተጎዳበትም ብዙ ነው። የተማርነው ደግሞ በስለት ፋንታ ቀጠሮ እናሳልፋለን። የስሕተቱ ክብደት ይለያያል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

ሁለት መኪኖች

የታችኞቹ የፊት ጥርሶች በአብዛኛው ከ6ኛው እስከ 10ኛው ወር፣ የላይኞቹ ደግሞ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ወር ባለው ጊዜ ይበቅላሉ። አንባቢ ሁለቱን ክልሎች ያስተያይ፤ ከ8 እስከ 10 ባለው ጊዜ ይደራረባሉ። ከጂንካ ወደ ቱርሚ የሚነሡ ሁለት መኪኖችን እናስብ። አንደኛው ማለዳ፣ ሁለተኛው ትንሽ ዘግየት ብሎ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ማለዳ የተነሣው ይቀድማል፤ ነገር ግን ጎማ ይተነፍሳል፣ ደራሽ ውኃ መንገድ ይዘጋል፣ ስለዚህም አንዳንድ ቀን ሁለተኛው ቀድሞ ይገባል። በዚያ ቀን ሰማይ ተቆጥቷል አንልም። እያንዳንዱ ጥርስም ከበላዩ ያለው አጥንት እየሳሳ መንገድ የሚከፈትለት በራሱ ጊዜ ነው፤ ፍጥነቱንም በአብዛኛው የዘር ውርስ ይወስነዋል። ሁለት የሚደራረቡ ሥርጭቶች ባሉበት ሁሉ ከጥቂቶቹ ዘንድ ተራው መገልበጡ አይቀርም።

ስለ ተቅማጥና ትኩሳትም ስሌቱ ቀላል ነው። ሕፃን ከ6ኛው ወር አንሥቶ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ 20 የወተት ጥርሶች ያወጣል። ለእያንዳንዱ ጥርስ ስምንት «የጥርስ ቀናት» ብንሰጥና ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ ብንል 160 ቀናት ይሆናሉ፤ ጠቅላላው ጊዜ 730 ቀናት ያህል ነው። እንግዲያው ከአምስት ቀናት አንዱ የጥርስ ቀን ነው ማለት ነው። ማናቸውም ሕመም ከጥርስ ጋር ምንም ዝምድና ባይኖረው እንኳ፣ ከአምስት ጊዜ አንዴ እንዲሁ በአጋጣሚ ከጥርስ ጋር ይገናኛል። ጥርስ ማውጣት ድድን ያሳክካል፣ ለሀጭ ያበዛል፣ የሰውነትን ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ብርቱ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን የሌላ ነገር ሥራ ነው። በዚያው ዕድሜ ከእናቱ የወረሰው የመከላከል ኃይል ይሟጠጣል፣ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ እየዳኸም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ጥርስ ወንጀል በተፈጸመበት ሰፈር የተገኘ መንገደኛ እንጂ ወንጀለኛው አይደለም።

እንቅልፉም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓት ገና አልተስተካከለም፤ ከተስተካከለም በኋላ ድድ ሲያሳክክ ወይም ከክትባት ማግስት ይናጋል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲያሻው የሚያንቀላፋ ሕፃን የሰዓት ሠሌዳ ባይኖረው አያስጨንቅም። ይህም መዛባት የተፈጥሮ ነው።

ያልተቆጠረው ሣጥን

አንድ እምነት እውነት መሆኑን ለመመርመር አራት ሣጥኖች ያስፈልጋሉ፤ የላይኛው ጥርስ ቀድሞ ድርቅ የመጣበት፣ ጥርሱ ቀድሞ ዝናብ የዘነበበት፣ ጥርሱ ሳይቀድም ድርቅ የመጣበትና ጥርሱ ሳይቀድም ዝናብ የዘነበበት። የሰው ልጅ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሣጥን ነው። በሚንጊ ላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ሁለተኛው ሣጥን መቼም ሊሞላ አለመቻሉ ነው፤ ሕፃኑ ስለሚሞት፣ እርሱ እያደገ ዝናቡም እየዘነበ የሚያይ ዓይን አይኖርም። እምነቱ ሊያስተባብለው የሚችለውን ምስክር አስቀድሞ ያጠፋዋል። በጂንካ ያደጉት ልጆች ለሳይንስ ያበረከቱት ይህንኑ ባዶ ሣጥን ነው፤ በሕይወት በመኖራቸው ብቻ ሞሉት።

«ታዲያ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ልማዱ ስለ ተተወ አይደለምን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በንጽጽር ይገኛል። ያ ድርቅ ሚንጊ የሚባል ነገር የማይታወቅባቸውን ቦረናንና የሶማሌ ክልልን፣ ከድንበር ማዶም ሰሜን ኬንያን ክፉኛ መትቷል። ለዝናቡ መቅረት ዋነኛው ምክንያት ላ ኒኛ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ነው። ከብቱ ሲያልቅበት ያየ ሽማግሌ ምክንያት መፈለጉ አያስነቅፈውም፤ ፍለጋው የሳይንስም መነሻ ነውና። የጎደለው ቆጠራው ነው።

መዛባት የማይገባው ተራ

አሁን ወደ ሌላው ተራ እንመለስ። ኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ነው። በዋናው ሠሌዳ መሠረት ሕፃን እንደ ተወለደ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ለኩፍኝ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይከተባል። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ጥርስ ሥርጭት አይደሉም። ኩፍኝ በ9ኛው ወር የሆነው ቀደም ቢል ከእናት የተወረሰው የመከላከል ኃይል ክትባቱን ስለሚያከሽፈው፣ ቢዘገይ ደግሞ ሕፃኑ ያለ ጋሻ ስለሚቆይ ነው።

ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ለምን እንዳስፈለገም ማስላት ይቻላል። ክትባት በሌለበት ማኅበረሰብ አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ያጋባል። መካከለኛውን 15ን ብንወስድ፣ ሥርጭቱ የሚገታው ከ15 ሰዎች 14ቱ፣ ማለትም ከመቶ 93ቱ ሲጠበቁ ነው። በ9ኛው ወር የሚሰጠው ክትባት የሚጠብቀው ከመቶ ሕፃናት 85 ያህሉን ስለሆነ፣ ሁሉም እንኳ ቢከተቡ ወረርሽኙ በር አለው። በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ተጨመረ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአገራችን መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ከመቶ 39 ብቻ መሆናቸውን፣ 16ቱ ደግሞ አንድም እንዳላገኙ አሳይቶ ነበር።

ጥፋቱን በእናቶች ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ጂንካ ከባሕር ጠለል ከ1,400 ሜትር በላይ፣ ኦሞራቴ ደግሞ ከ400 ሜትር በታች ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሽየስ ይጨምራል። ክትባት ግን ከጤና ቢሮ መጋዘን እስከ ሕፃኑ ጭን ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት በረዶ ከሆነ ይበላሻል፤ የኩፍኙ ክትባት ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደፋል። በብልቃጡ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት የተጠራቀመውን ሙቀት እየመዘገበች ትጠቁራለች፤ ይህ በክፍል የምናስተምረው የኬሚካዊ ሂደት ፍጥነትና የሙቀት ግንኙነት ነው። ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ቀጠሮውን እንዲጠብቅ ስንጠይቅ፣ ቅዝቃዜውን ጠብቆ ወደ ሰፈረበት የሚደርስ ክትባትም ልንልክለት ይገባል።

ክትባት ከሚንጊ ተቃራኒ የሆነ ችግርም አለበት፤ በተሳካለት መጠን ማስረጃውን ይሰውራል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የዛሬ ወላጅ የሚያየው የመርፌውን ትኩሳት እንጂ የቀረውን ሞት አይደለም። ያ ትኩሳት በእርግጥ ከክትባቱ የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል፤ ሰውነት ትምህርቱን መቀበሉንም ያመለክታል።

ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፣ ጂንካም ይሁን ጎንደር፣ የታናሻችሁን የክትባት ካርድ ጠይቁ። ለሀጭና የእንቅልፍ መዛባት፣ ቀላል ጉንፋንም ቢሆን ቀጠሮ ለማሳለፍ በቂ ምክንያት እንዳልሆኑ አስረዱ። ቀጠሮ ያለፈበት ሕፃን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ብርቱ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን «ጥርስ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ነው። የካራ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የተረከቡትን ፍርድ መርምረው ለመተው ድፍረት አላነሣቸውም። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቀን ቆጥሮ ሕፃኑን አዝሎ መሄድ።